በሽሎ ሲሞላ ከታች ማን ቆሟል?

ሐምሌ መጨረሻ ላይ የቴሌግራም ግሩፓችን ውስጥ አንድ ቪዲዮ ተለቀቀ። ሄልሜት ያጠለቁ ፈረንጆች በጎማ ጀልባ ቡናማ ማዕበል ላይ ይዘላሉ፣ ይገለበጣሉ፣ ተመልሰው ወጥተው ይስቃሉ። ከሥሩ አንዱ ጓደኛችን «እኛስ ምን አነሰን? በሽሎ እዚሁ አይደል እንዴ?» ብሎ ጻፈ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ስምንት ሰው «አለሁበት» አለ። ስምንተኛው እኔ ነኝ።

ዕቅዱ ቀላል ነበር። አራት የአይሱዙ ከመነዳሪ መንፋት፣ በገመድ ማሰር፣ ከኩታበር በታች መግባት፣ ከዚያ ወንዙ እስከወሰደን መውረድ። ስልኮቹ በላስቲክ ይጠቀለላሉ፤ ዋናው ነገር ቪዲዮው ነዋ! ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ በጀት ማውጣቱ ለእኔ ተሰጠ። (ተመርቄ ያገኘሁት የመጀመሪያው የበጀት ሥራ ይኸው ነው።)

ወሎን ለማታውቁ ልንገራችሁ። ሐይቅ ከተማ ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ናት። ስሟን የሰጣት ሐይቅ አንከርካ ወንዝ ይገባበታል እንጂ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ የለም። ከተራራው ማዶ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በሽሎ ከኩታበር በስተምዕራብ ይነሳና ገደሉን ሰንጥቆ ዓባይን ይቀላቀላል። እኛ ግቢ የወደቀ ዝናብ እዚሁ ሐይቁ ውስጥ ይቀራል፤ ማዶ የወደቀው ካርቱም ይደርሳል። ለዋና ያደግነው በማይሄድ ውሃ ላይ ነው። ይሄን ልዩነት ያኔ ልብ አላልኩትም ነበር።

ማታ በጀቱን ልሠራ ቁጭ ስል ከእኛ በፊት የሞከረ ሰው አለ ወይ ብዬ መፈለግ ጀመርኩ። ነጋብኝ።

እ.ኤ.አ. በ1962 የጄኔቫ ታንኳ ክለብ ስድስት አባላት ዓባይን ሊወርዱ መጡ። እንደኛ ጓደኛሞች ናቸው፣ ልዩነቱ ሙያው አላቸው። ግን ውሃውን ሲያስቡ የብሱን ረሱት። ካምፕ ባደሩበት ሽፍቶች ተኩስ ከፈቱባቸው፣ ሁለቱ ተገደሉ፣ የቀሩት ታንኳቸው ላይ ዘለው አመለጡ።

በ1968 በአፄ ኃይለ ሥላሴ ፈቃድ የእንግሊዙ ካፒቴን ጆን ብላሽፎርድ ስኔል መጣ። እሱ ሆን ብሎ ክረምትን መረጠ፤ በበጋ ጀልባውን የሚያንሳፍፍ በቂ ውሃ የለም ብሎ ነው። 60 የሚሆኑ የእንግሊዝና የኢትዮጵያ ወታደሮችና ተመራማሪዎች፣ በልክ የተሠሩ የጎማ ጀልባዎች፣ ከላይ የምትቃኝ ትንሽ አውሮፕላን፣ በየብስ የሚከተል ቡድን ነበረው። እንዲያም ሆኖ ኢያን ማክሊዮድ የተባለ ኮርፖራል ሞተ። የሞተው ደግሞ ያ የሚያስፈራው ዓባይ ላይ እንዳይመስላችሁ። አንድ ገባር ወንዝ ሲሻገር ነው የሰጠመው። ገባር! በሽሎም እኮ ገባር ነው።

በ1972 ማይክ ጆንስ የሚባል ወጣት የሕክምና ተማሪ ከጓደኞቹ ጋር በካያክ ወረደ፤ በሕይወት ተመለሰ። ከ6 ዓመት በኋላ ፓኪስታን ውስጥ ብራልዱ ወንዝ ላይ ጓደኛውን ሊያድን ሲል ራሱ ሰጠመ። ዓባይን ከምንጩ እስከ ሜዲትራኒያን ባሕር የወረዱት ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን ደግሞ ጉዟቸውን የጀመሩት በታኅሣሥ ነው፣ በበጋ። 114 ቀን ፈጀባቸው። የምር ባለሙያ የሆነ ሰው ክረምቱን ጠብቆ አልገባም ማለት ነው።

በሽሎም ቢሆን ታሪክ አለው። በሚያዝያ 1868 የናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ሲወጣ ይሄንኑ ወንዝ በእግሩ ነው የተሻገረው። ያ ጦር በነሐሴ ቢመጣ ምን ይሆን ነበር እያልኩ አንዳንዴ አስባለሁ።

በማግስቱ እናቴ «አጎትህን ሳትጠይቅ የትም አትሄድም» አለች። የእናቴ አጎት ያደጉት በሽሎ ዳር ነው፣ አሁን እኛ ጋ ይኖራሉ። ቪዲዮውን አሳየኋቸው። ስልኩን ራቅ አድርገው እስከ መጨረሻው አዩት። አልተቆጡም።

«ልጆቹ ጎበዞች ናቸው» አሉ። «እነዚያ ከታች ገመድ ይዘው የቆሙት እነማን ናቸው?»

እውነት ለመናገር እኔ አላየኋቸውም ነበር። አሥር ጊዜ ነው ያየሁት፣ ግን ዓይኔ ጀልባው ላይ ነበር። ከድንጋይ ላይ ሁለት ሰዎች ገመድ ጠቅልለው ቆመዋል።

«አሁን እናንተን ከታች ማን ቆሞ ያወጣችኋል?»

«እርስ በርሳችን እንተያያለን፣ ጋሼ።»

«አብሮ የሚወሰድ ሰው ማንን ያያል?» አሉና ስለ ልጅነታቸው አወሩኝ። ክረምት ሲገባ የማዶ ሰው የማዶ ሆኖ ይቀራል። ለቅሶ ቢሆን አይደረስም፣ ሠርግም አይያዝም። የቸኮለ ሰው ጠዋት ጎድሎ ያየውን ወንዝ ሊሻገር ይገባል። እሱ ጋ ፀሐይ ነው፤ ላይ ደላንታ ግን ሲዘንብ ውሏል። ደራሽ ሲመጣ መጀመሪያ ድምፁ ነው የሚሰማው፣ ከዚያ ግንድ ይዞ ይመጣል። «ውሃው ብቻውን ቢመጣ ጥሩ ነበር» አሉ፤ «ዛፉን ይዞ ነው እንጂ።»

ይሄን በኋላ አነበብኩት። ውሃ የወደቀ ዛፍ ቅርንጫፍ መሐል ያልፋል፣ ሰው ግን አያልፍም፤ ግፊቱ እዚያው ይዞ ያስቀረዋል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ቁርጭምጭሚትን ትንሽ ያለፈ 15 ሳንቲ ሜትር የሚሮጥ ውሃ እንኳ አዋቂ ሰው ሊጥል ይችላል። ከመነዳሪ ደግሞ መሪ የለውም፤ ወንዙ ወደ ዛፉ ከሄደ አንተም ወደ ዛፉ ነህ።

በጀቱን እንደገና ሠራሁት። የሕይወት አድን ጃኬት 8፣ ሄልሜት 8፣ መወርወሪያ ገመድ፣ ከታች የሚቆሙ አራት ሰዎች፣ በየብስ የምትከተል መኪና። ድምሩ ከመጀመሪያው በጀት ጋር አይተዋወቅም። የመጀመሪያው ርካሽ የሆነው ሕይወታችንን በዜሮ ዋጋ ስለመዘገብኩት ነው። ሁለቱንም ሠንጠረዦች ግሩፑ ላይ ለጠፍኩ። ከሥር የጋሼን ጥያቄ ጻፍኩ።

ለረጅም ጊዜ ማንም አልመለሰም። ከዚያ አንዱ «ፈሪ» አለኝ፣ ሦስት የሳቅ ኢሞጂ ጨምሮ። ሌላው በውስጥ መስመር «እኔም ዋና አልችልም፣ ለመናገር አፍሬ ነው» ብሎ ጻፈልኝ። አስቡት፣ ዋና ሳይችል «አለሁበት» ካሉት ስምንቱ አንዱ ነበር።

አሁን ዕቅዱ ጥቅምት ላይ፣ ሐይቃችን ላይ፣ ጠርዝ ጠርዙን ሆኗል። ዋና የማይችለውን ልጅ የማስተምረው እኔ ነኝ። «ፈሪ» ያለኝ ጓደኛዬ እስካሁን ቅር ብሎታል፤ ትናንት ግን ጃኬቱ ስንት እንደሚሸጥ ጠየቀኝ።