ቁልቋሉን የሣለው እጅ
ክፍል ሦስት

ጄምስ ብሩስ ጎራዴውን መዝዞ ሁለት ለምለም የቁልቋል ቅርንጫፎችን ቀነጠሰ። ወተቱ ተንዠቀዠቀ። በኋላ በመጽሐፉ እንዳሰፈረው የፈሰሰው ከአራት የእንግሊዝ ጋሎን አያንስም። ስኮትላንዳዊው ወሬ ማሳመር ይወዳልና ልኩን ለእሱ እንተውለት። ጎራዴውን ወዲያው ቢያጥበውም እድፉ አልለቀቀም ይላል።

ይህ ለአገሬው ሰው አዲስ ነገር አልነበረም። የቁልቋል ወተት ዐይን እንደሚያጠፋ እረኛው ሁሉ ያውቃል፤ ቆዳ ፋቂውም ጠጉሩን የሚያነሣው በዚሁ ወተት ነበር። የአውሮፓ ሊቃውንት ግን ካላዩ አያምኑም። ቁልቋል ደግሞ እንደ ሌላው ዕፅ በወረቀት መካከል ተጭኖ በቀላሉ አይደርቅም፤ ውኃ ያዘለው ሥጋው ይበሰብሳል። መላው ሥዕል ነበር።

ብሩሽ የያዘው ሉዊጂ ባሉጋኒ ነው። ባለፈው ሳምንት እንዳየነው፣ ይህ የቦሎኛ ሰው በ1765 (ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለብሩስ ተቀጥሮ የፓልሚራንና የባልቤክን ፍርስራሾች ሣለ፤ በ1769 አብሮት ምጽዋ ወረደ። ከዚያ ወዲያ ሥራው ዕፅዋት ሆነ፦ የግንዱ ጠርዝ፣ በጠርዙ የተደረደረው እሾህ፣ ቢጫው አበባ፣ ደም የመሰለው ፍሬ። በችኮላ የሚሠራ አይደለም።

በ1790 የብሩስ መጽሐፍ በአምስት ቅጽ ታተመ። ቁልቋሉም በአምስተኛው ቅጽ ወጣ። ብሩስ ሥዕሎቹን የራሱ እጅ ሥራ አደረጋቸው። ስለ ባሉጋኒስ? ወደ ዓባይ ምንጭ ሳንነሣ ሞተ ብሎ በአጭሩ ዘጋው። ደፋርነቱን አልክድም፤ ምጽዋን አልፎ ጎንደር መግባት በዚያ ዘመን የዋዛ አልነበረም። ግን ሟች ተነሥቶ አይከራከርም፤ ብሩስም ይህን ሳያውቅ አልቀረም።

ብሩስ በ1794 ከቤቱ ደረጃ ወድቆ ሞተ። ሁለተኛውን እትም እንዲያዘጋጅ የተመረጠው ግዕዝና አማርኛ ያጠናው አሌክሳንደር መሪ ነበር። ኪኔርድ በሚገኘው የብሩስ ቤት ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ሲያገላብጥ በጣልያንኛ የተጻፈ የጉዞ ማስታወሻ እጁ ገባ።

ጽሕፈቱ የብሩስ አይደለም፤ የባሉጋኒ ነው።

መሪ ቀኑን ፈለገ። ኅዳር 1770 ይላል። ቦታውን አየ፦ ግሽ፣ የዓባይ ምንጭ። ሞተ የተባለው ሰው መንገዱን ይመዘግባል!

(ይቀጥላል)