የገባበት ሌላ፣ የታየበት ሌላ፦ የዝናብ ውሃ መኪና ውስጥ እንዴት ይገባል?

ነሐሴ ነው እንበል። ኢንጅባራ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አድሯል። ጠዋት አጎታችሁ ወደ ዳንግላ ሊሄድ ነውና እናንተን ጋቢና አስቀመጣችሁ። እግራችሁ ምንጣፉን ሲረግጥ ጭቅ አለ፤ ካልሲያችሁ ራሰ። መስኮቶቹ ዝግ ናቸው። ጣሪያው ከውስጥ ደረቅ ነው። በሩም በደንብ ተዘግቶ ነው ያደረው። ታዲያ ይሄ ሁሉ ውሃ ከየት መጣ?

አጎታችሁ “በበሩ ነው የሚሆነው” ብሎ ሲሊኮን ይገዛና የበሩን ዙሪያ ይለቀልቀዋል። በሚቀጥለው ዝናብ ምንጣፉ እንደገና ይርሳል። እንደገና ሲሊኮን፣ እንደገና ውሃ። ችግሩ የሲሊኮኑ ጥራት ላይሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ውሃው የታየበት ቦታና የገባበት ቦታ አንድ አይደሉም።

አዊ ውስጥ ላደገ ልጅ ይህ እንግዳ ነገር መሆን የለበትም። ከተራራ ግርጌ የሚፈልቅ ምንጭ ውሃው እዚያው ነጥብ ላይ የዘነበ አይደለም። ከላይ ሰርጎ፣ በአፈርና በድንጋይ መሐል ተጉዞ፣ መውጫ ያገኘበት ቦታ ላይ ብቅ ያለ ነው። እርጥቡ ምንጣፍም እንደ ምንጭ ነው። የእኛ ሥራ መንገዱን ወደ ኋላ ተከትለን መነሻው ላይ መድረስ ነው።

ትንሽ ጠብታ፣ ብዙ ጣጣ

“ትንሽ ውሃ ምን ያመጣል?” የሚል ካለ እስቲ እናስላ። የአንድ ጠብታ መጠን 0.05 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። በሴኮንድ አንድ ጠብታ ብቻ ቢገባ በሰዓት 180 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ዝናቡ ለ8 ሰዓት ከቀጠለ ወደ 1.4 ሊትር ይጠጋል። ይህን ውሃ ከምንጣፉ ስር ያለው ስፖንጅ ይጠጣዋል፤ ላዩ ደርቆ እንኳ ውስጡ ለሳምንታት እርጥብ ሊሆን ይችላል።

የመጀመሪያው ጣጣ ጉም ነው። ኢንጅባራ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ክረምቷ ቀዝቃዛ ነው። ከምንጣፉ የሚተነው ውሃ የመኪናውን አየር በእርጥበት ይሞላዋል፤ ያ እርጥበት ቀዝቃዛውን መስታወት ሲነካ ተመልሶ ጠብታ ይሆናል። ሲመሽ፣ ዝናብና ጭጋግ ባለበት፣ ወደ ዳንግላ በሚወስደው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ላይ ሹፌሩ በጨርቅ መስታወት እየጠረገ ሲነዳ ምን ሊከተል እንደሚችል መገመት አያቅትም።

ሁለተኛው ዝገት ነው፤ ምንጣፍ ስር ተደብቆ ወለሉን ይበላዋል። ሦስተኛው ኤሌክትሪክ ነው። በብዙ መኪኖች የሽቦ መገናኛዎች የሚያልፉት በወለሉና በዳሽቦርዱ ስር ነው። እነሱ ሲሻግቱ ዛሬ መብራት፣ ነገ መስኮት እምቢ ይላል። በዚያ ላይ ኢትዮጵያ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክላለች። ስለዚህ ያለው ቪትዝና ኮሮላ ገና ብዙ ክረምት ማየት ይጠበቅበታል።

ውሃ በአራት ዘዴ ይጓዛል

አንደኛው ቁልቁል ነው፤ የመሬት ስበት። ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን። ግን መኪናው የቆመበት ቁልቁለት “ታች” የሚባለውን ይቀይረዋል። አፍንጫው ወደ ላይ ሆኖ ሲያድር ከፊት የገባው ውሃ የኋላ ወንበር ስር ሊገኝ ይችላል።

ሁለተኛው መለጠፍ ነው። ጀበና ቀስ ብላችሁ ስታዘነብሉ ቡናው ወደ ሲኒው መውረዱን ትቶ በጀበናው አንገት ላይ ሲወርድ አይታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? ውሃም ከገጽ ጋር ይጣበቃል። አንድ ጠብታ ከጣሪያ ገብታ በሽቦ ወይም በብረት ጠርዝ ላይ ተለጥፋ ከአንድ ሜትር በላይ ተጉዛ ልትንጠባጠብ ትችላለች።

ሦስተኛው ሽቅብ ነው። አዎ፣ ሽቅብ! ኩራዝ ላይ ናፍጣው በክሩ ወደ ላይ የሚወጣበት ምክንያት ካፒላሪ ይባላል። ጠባብ ክፍተት ውስጥ ውሃው ከግድግዳው ጋር ያለው መሳሳብና የገጽ ውጥረቱ ተባብረው ወደ ላይ ይስቡታል። በመካከላቸው 0.1 ሚሊ ሜትር ብቻ ክፍተት ባላቸው ሁለት ንጹሕ መስታወቶች መሐል ውሃ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል መውጣት ይችላል። ክፍተቱ 1 ሚሊ ሜትር ከሆነ ግን 1.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ለካ ጠባብ ስንጥቅ አንዳንዴ ከሰፊው የባሰ ነው!

አራተኛው ንፋስ ነው። መኪናው በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ፊት ለፊት የሚገጥመው አየር ውሃን 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ሽቅብ ለመግፋት የሚበቃ ግፊት አለው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ቆሞ ሲዘንብበት የማያስገባ መኪና ሲነዳ የሚያስገባበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

መኪና ውሃ አያስገባም ያለው ማነው?

አሁን የሚገርመውን ልንገራችሁ። መኪና ሲሠራ ውሃ በአንዳንድ ቦታዎች እንዲገባበት ታስቦ ነው። መሐንዲሶቹ ውሃን ሙሉ በሙሉ ከመከልከል ይልቅ መውጫ መንገድ ሰጥተውታል።

በሩን ተመልከቱ። የመስኮቱ መስታወት ወደ ታች በሚገባበት ክፍተት በኩል ዝናብ ወደ በሩ ሆድ ይወርዳል። ይህ ጤናማ ነው። ከዚያ በበሩ ታችኛ ጠርዝ ባሉ ትናንሽ ቀዳዳዎች ይወጣል። ከበሩ የውስጥ ሽፋን ጀርባ ደግሞ ውሃው ወደ እናንተ እንዳይመጣ የሚከልል የተለጠፈ ፕላስቲክ አለ። ስፒከር ሲገጠም ወይም የመስኮት ማንሻ ሲጠገን ያ ፕላስቲክ ተቀዶ ወይም በደንብ ሳይለጠፍ ከቀረ ውሃው በቀጥታ ምንጣፉ ላይ ይወርዳል። አጎታችን ከውጭ ሲሊኮን ቢቀባ ምን ይጠቅመዋል? እንዲያውም የታች ቀዳዳዎቹን ከደፈናቸው በሩን የውሃ ጋን ያደርገዋል።

ሁለተኛው ቦታ ከፊት መስታወቱ ስር፣ የዝናብ መጥረጊያዎቹ የቆሙበት ቦይ ነው። መስታወቱ ላይ የወረደው ዝናብ ሁሉ እዚያ ይሰበሰባል። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው። መስታወቱ ከላይ ሲታይ ግማሽ ካሬ ሜትር ቢሸፍን እንኳ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ 15 ሊትር ውሃ ወደ ቦዩ ይልካል። ይህ በጎን ባሉ ቀዳዳዎች ወደ መሬት መውረድ አለበት። አሁን መኪናውን ለከሰል በሚተከለው ዲከረንስ ዛፍ ስር አቁሙት። ደቃቅ ቅጠሉ ቦዩ ውስጥ ይከማቻል፣ ይበሰብሳል፣ ቀዳዳውን ይደፍናል። ውሃው ቦዩን ሞልቶ አየር ወደ መኪናው በሚገባበት ቀዳዳ በኩል ይፈስና ጋቢና እግር ስር ይወርዳል። የካልሲያችሁ ነገር በዚህ ሊፈታ ይችላል!

የጣሪያ መስኮት ያላቸው መኪኖችም እንዲሁ ናቸው። በመስታወቱ ዙሪያ ያለው ጎማ ሁሉንም ውሃ አያግድም፤ ያለፈውን ከስር ያለ ገንዳ ተቀብሎ በቀጫጭን ቱቦዎች ያወርደዋል። ጣሪያቸው የሚታጠፍ ስፖርት መኪኖች ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። በ1989 እ.ኤ.አ. ለዓለም የቀረበው ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ከወንበሮቹ ኋላ በግራና በቀኝ የውሃ መውረጃ አለው። እሱ በቆሻሻ ሲደፈን ውሃው ወደ ውስጥ ይገለበጣል ወይም ጎኑን ያዘገዋል። የኢንጅባራ ኮሮላና የቶክዮ ስፖርት መኪና በሽታቸው አንድ ነው፦ የተዘጋ መውጫ።

ሌሎቹ የታወቁ መግቢያዎች የኋላ መብራት ጎማ፣ በደንብ ሳይጣበቅ የተቀየረ የፊት መስታወት፣ የአንቴና ስር፣ እንዲሁም ለፖርቶመጋላ ተብሎ ጣሪያ ላይ የተበሳ ቀዳዳ ናቸው።

ፍለጋው፦ አንድ ጊዜ አንድ ነገር

በመጀመሪያ ዝናብ መሆኑን አረጋግጡ። ፀሐይ ባለበት ቀንም የሚርስ ከሆነ፣ የሚያጣብቅ፣ ቀለም ያለውና ጣፋጭ ሽታ ያለው ከሆነ፣ ከሂተሩ የሚፈስ የራዲያተር ፈሳሽ ነው። መርዛማ ስለሆነ በፍጹም አትቅመሱት፤ ጋራዥ ይግባ። ኤሲ ሲከፈት ብቻ የሚመጣ ንጹሕ ውሃ ከሆነ ደግሞ የኤሲው መውረጃ ተደፍኖ ይሆናል።

ዝናብ ከሆነ ግን እንዲህ አድርጉ፦

1. መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙ። ምንጣፉን ገልጣችሁ ወለሉን አድርቁ።

2. በተጠረጠሩት ቦታዎች ሁሉ ደረቅ ሶፍት አስቀምጡ። ሶፍት እርጥበትን ወዲያው ያሳያል።

3. አንድ ሰው የእጅ ባትሪ ይዞ ውስጥ ይቀመጥ፤ ሌላው ውጭ ሆኖ ውሃ ያፍስስ። የውሃ ጎማ ከሌለ ጀሪካንና ጆግ ይበቃል። ውሃው በቀስታ ይፍሰስ፤ በኃይል የተረጨ ውሃ ዝናብ የማይገባበትም ይገባል።

4. ከታች ጀምራችሁ ወደ ላይ ውጡ። መጀመሪያ የበሩ ታች፣ ከዚያ መስኮቱ፣ ከዚያ የመጥረጊያው ቦይ፣ ከዚያ የመስታወቱ ጠርዝ፣ መጨረሻ ጣሪያው። በእያንዳንዱ ቦታ 10 ደቂቃ ያህል ቆዩ።

ለምን ከታች? ከጣሪያ ብትጀምሩ ውሃው ሁሉንም ቦታ እያራሰ ስለሚወርድ የትኛው እንዳስገባ አታውቁም። ከታች ስትጀምሩ ግን ሶፍቱ በራሰበት ሰዓት ጥፋተኛው አሁን የነካችሁት ቦታ ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ “አንድ ተለዋዋጭ ብቻ ቀይር” የሚባለው ሕግ ይኸው ነው።

ጥገናው

ቦዩ ወይም ቱቦው ተደፍኖ ከሆነ ቅጠሉን በእጅ አውጡና ጫፉ በታጠፈ ለስላሳ ሽቦ በቀስታ ክፈቱት። በከፍተኛ የአየር ግፊት መንፋት ቱቦውን ከቦታው ሊነቅለው ይችላል። የበሩ ፕላስቲክ ከሆነ መካኒኩ ሽፋኑን ፈትቶ እንደገና ይለጥፈው። የመብራት ጎማው ከደረቀ ይቀየር። የፊት መስታወት ግን ተነቅሎ በትክክለኛው ማጣበቂያ መተከል ያለበት በባለሙያ ነው።

ስለ ሲሊኮን አንድ ነገር፦ እንደ ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት ሲደርቅ አሲድ ስለሚለቅ ቀለም የለቀቀ ብረትን ያዝጋል። ወንበር መፍታት ካስፈለገም ራሳችሁ አትሞክሩት። ከስሩ ያሉት ቢጫ ሽቦዎች ብዙ ጊዜ የኤርባግ ናቸው።

ከጥገናው በኋላ ያንኑ ሙከራ ድገሙት፤ ሶፍቱ ደረቅ ሆኖ ሲቀር ብቻ ነው “ተገኘ” የሚባለው። ከዚያ ምንጣፉንና ስፖንጁን በደንብ ፀሐይ አስመቱ። ክረምት ከመግባቱ በፊት፣ ግንቦት ላይ፣ የመጥረጊያውን ቦይና የበሮቹን የታች ቀዳዳዎች ማጽዳት 15 ደቂቃ አይፈጅም። እስቲ ዛሬ ቤታችሁ ወይም ጎረቤት ያለውን መኪና፣ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ፣ በሩን ከፍታችሁ የታችኛውን ጠርዝ ዳብሱት። ስንት ቀዳዳ አገኛችሁ? ስንቱ በጭቃ ተደፍኗል?