ከክፍሉ እስከ መድረኩ፦ በነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ኮርስን ከመጨረሻው ጀምሮ መቅረጽ

መግቢያ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የክፍለ ሀገር ከተማ በእንግድነት በተገኘሁበት የእሑድ አምልኮ ላይ ቀድሞ ተማሪዬ የነበረ አንድ ወንድም ሰበከ። በመጽሐፍ ቅዱስ አተረጓጎም ኮርስ ከፍተኛ ውጤት ካመጡት መካከል አንዱ ነበር። የስብከቱ ክፍል ኤርምያስ 29፥11 ነው። ወንድማችን በጥሩ አንደበትና በቅንዓት ተናገረ፤ ነገር ግን ቁጥሩን ያቀረበው እያንዳንዱ ሰሚ በዚያው ዓመት ሥራ፣ ትዳርና ቤት እንደሚያገኝ የሚያረጋግጥ ተስፋ አድርጎ ነው። ቃሉ ወደ ባቢሎን ለተማረኩ ሰዎች የተላከ ደብዳቤ አካል መሆኑ፣ ከእርሱ በፊት ያለው ቁጥርም ሰባ ዓመት ስለ መጠበቅ የሚናገር መሆኑ አልተነሣም።

ወደ ሥራዬ ተመልሼ ያስቀመጥኳቸውን የፈተና ወረቀቶች ሳገላብጥ ስለዚሁ ምዕራፍ ዐውድ የሚጠይቅ ጥያቄ አገኘሁ። ያ ወንድም ሙሉ ነጥብ አግኝቶበታል። ከጊዜ በኋላ ቡና እየጠጣን ነገሩን ሳነሣለት ጥቂት ዝም አለና፣ «መምህር፣ እኔ እኮ ያንን ለፈተና ነበር የያዝኩት» አለኝ።

መልሱ አሳዘነኝ፤ ትክክል እንደ ሆነ ግን መካድ አልቻልኩም። በአንድ ሙሉ ሴሚስተር ውስጥ ምንባብ ሰጥቼው ስብከት እንዲያዘጋጅበት አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅሁትም ነበር። ስለ አተረጓጎም አስተምሬዋለሁ፤ መተርጎምን ግን አላለማመድኩትም። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለው ክፍተት ከየት እንደሚመጣና የትምህርት ንድፍ የሚባለው የሙያ ዘርፍ ክፍተቱን ለመሙላት እንዴት እንደሚረዳ ያብራራል። የተጻፈውም በክፍል ውስጥ ለሚያስተምሩ ብቻ አይደለም፤ በአጥቢያቸው የደቀ መዝሙርነትና የጥምቀት ትምህርት ለሚሰጡ መጋቢዎችም ጭምር ነው።

የትምህርት ንድፍ ምንድን ነው?

የትምህርት ንድፍ ማለት የሚጠበቀውን ውጤት፣ ምዘናውንና የክፍሉን ሥራ እርስ በርስ በሚደጋገፉበት መንገድ አስቀድሞ ማቀድ ነው። ብዙዎቻችን ኮርስ ስንሰጥ የምንጀምረው ከይዘት ነው። መጽሐፍ እንመርጣለን፤ ምዕራፎቹን ለሳምንታት እናከፋፍላለን፤ እናስተምራለን፤ ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሲል ደግሞ ፈተና እናወጣለን። የትምህርት ንድፍ ይህን ቅደም ተከተል ይገለብጠዋል።

ዘርፉ የራሱ ታሪክ አለው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የአሜሪካ ጦር እጅግ ብዙ ሰዎችን በአጭር ጊዜ ማሠልጠን ስላስፈለገው፣ ሮበርት ጋኜን የመሳሰሉ የሥነ ልቦና ምሁራን ለሥራው ተሰማርተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1949 ራልፍ ታይለር ባሳተመው መጽሐፍ ማንኛውም ሥርዓተ ትምህርት ሊመልሳቸው የሚገቡ አራት ጥያቄዎችን አቀረበ፤ ዓላማው ምንድን ነው? ወደዚያ የሚያደርሱት ልምምዶች ምንድን ናቸው? እንዴት ይደራጃሉ? መድረሳችንንስ በምን እናውቃለን? በ1956 ቤንጃሚን ብሉምና ባልደረቦቹ የትምህርት ዓላማዎችን በደረጃ ከፋፈሉ። ይህ ምደባ በ2001 ሲሻሻል ስድስቱ ደረጃዎች ማስታወስ፣ መረዳት፣ መተግበር፣ መተንተን፣ መገምገምና መፍጠር ተብለው ተሰየሙ። በ1996 ደግሞ ጆን ቢግስ በከፍተኛ ትምህርት ውስጥ ውጤቱ፣ ምዘናውና የክፍሉ እንቅስቃሴ በአንድ መስመር መቆም እንዳለባቸው አሳየ።

የቢግስ ሐሳብ ለእኛ ሁኔታ በቀጥታ የሚሠራ ይመስለኛል። ተማሪ የኮርሱን ዓላማ የሚያነበው ከኮርስ መግለጫው ሳይሆን ከፈተናው ነው። መግለጫው «ተማሪው ቃሉን በትክክል መተርጎም ይችላል» ቢልም ፈተናው «አምስቱን የአተረጓጎም መርሖዎች ዘርዝር» ካለ፣ ተማሪው ዝርዝሩን ይሸመድዳል። ይህን ማድረጉም ስንፍና አይደለም፤ የተጠየቀውን መስጠቱ ነው።

ከጦር ሠፈር የመጣ ዘዴ ለነገረ መለኮት ይሆናል?

አንዳንድ አገልጋዮች በዚህ ነጥብ ላይ ጥያቄ ያነሣሉ። የወታደርና የፋብሪካ ሠራተኛ ማሠልጠኛ ዘዴ አገልጋይን ለመቅረጽ ይሆናል ወይ? መንፈስ ቅዱስ የሚሠራውን ሥራ በሠንጠረዥ ውስጥ ማስገባት አይሆንብንም ወይ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ሁለት ክፍል አለው።

አንደኛ፣ ከውጤት ተነሥቶ ማስተማር ለቅዱሳት መጻሕፍት እንግዳ አይደለም። ዕዝራ ልቡን ያዘጋጀው ሕጉን ለመፈለግ፣ ለማድረግና ለማስተማር ነበር (ዕዝ. 7፥10)፤ ማድረግ በማወቅና በማስተማር መካከል ቆሟል። ጌታ ኢየሱስ ደቀ መዛሙርቱን ሁለት ሁለት አድርጎ ላካቸው፤ ተመልሰውም ያደረጉትንና ያስተማሩትን ነገሩት (ማር. 6፥7፤ 30)። ባልተሳካላቸው ጊዜ ለምን እንዳልቻሉ ለብቻቸው ጠየቁት፤ እርሱም መለሰላቸው (ማር. 9፥28-29)። ማየት፣ መሞከር፣ መመለስና መታረም በዚህ ውስጥ ሁሉም አሉ። መጋቢዎችና አስተማሪዎች የተሰጡትም ቅዱሳንን ለአገልግሎት ሥራ እንዲያዘጋጁ ነው (ኤፌ. 4፥11-12)።

ሁለተኛ፣ ንድፍ ወሰን አለው። ትሕትናን፣ የጸሎት ሕይወትንና ለመንጋው መራራትን በነጥብ መለካት አይቻልም፤ ለመለካት ስንሞክርም ግብዝነትን እናበረታታለን። መትከልና ማጠጣት የእኛ ድርሻ ነው፤ የሚያሳድግ እግዚአብሔር ነው (1 ቆሮ. 3፥6-7)። ነገር ግን የሚያሳድግ እርሱ መሆኑ በግዴለሽነት ለሚተክል ምክንያት አይሆነውም።

አንድ ኮርስ እንደ ምሳሌ

የአተረጓጎም ኮርሴን እንደ ገና የቀረጽኩት ሦስት ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል በመመለስ ነው። ኮርሱ 3 ክሬዲት፣ 16 ሳምንትና 48 የክፍል ሰዓት አለው።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ተማሪው ሲጨርስ ምን ማድረግ ይችላል? የቀድሞው መግለጫዬ «የአተረጓጎም መርሖዎችን ያውቃል፤ ይረዳል» ይል ነበር። «ማወቅ» ዐይን አያየውም፤ ስለዚህ በሚታይ ግስ መተካት ነበረበት። አዲሱ እንዲህ ይላል፦ ተማሪው በክፍል ያልተሠራበት ምንባብ ተሰጥቶት ታሪካዊና ሥነ ጽሑፋዊ ዐውዱን ይለያል፤ ዋና ሐሳቡን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፋል፤ ከዚያ የሚመነጭ የስብከት አስተዋጽኦ ለሚያውቀው ጉባኤ ያዘጋጃል።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ይህን መቻሉን በምን አውቃለሁ? ቀድሞ ከ100 ነጥብ 90ው የጽሑፍ ፈተና ነበር። አሁን 40 ነጥብ ለመጨረሻው የምንባብ ጥናትና የስብከት አስተዋጽኦ፣ 30 ነጥብ በሴሚስተሩ ውስጥ ለሚሠሩ ሦስት አጫጭር ጥናቶች፣ 20 ነጥብ ለአጫጭር ፈተናዎች፣ 10 ነጥብ ደግሞ በአጥቢያ ስለተሰጠ ትምህርት ለሚቀርብ ሪፖርት ነው። የማርምባቸውን አራት መስፈርቶች፣ ማለትም የዐውዱን ትክክለኛነት፣ የዋና ሐሳቡን ጥራት፣ ከጥንቱ ወደ ዛሬ የተሻገረበትን መንገድና ለሰሚው ያለውን ግልጽነት፣ በአንድ ገጽ ጽፌ በመጀመሪያው ሳምንት ለተማሪዎች እሰጣለሁ። የሚመዘኑበትን አስቀድመው ማወቃቸው የትምህርቱ አካል ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ፦ ለዚህ እንዲበቃ በክፍል ውስጥ ምን መሥራት አለበት? በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እኔ ራሴ በሰሌዳው ላይ አንድ አጭር ትረካ እሠራለሁ፤ የማስበውንም ጮክ ብዬ እናገራለሁ፤ የተጠራጠርኩበትንና የተሳሳትኩበትን ጭምር። ቀጥሎ ግማሹን እኔ ሠርቼ ቀሪውን እነርሱ ይጨርሳሉ። ከዚያ ሁለት ሁለት ሆነው፣ በኋላም ለየብቻቸው ይሠራሉ። ምንባቦቹም ከትረካ ወደ መልእክት፣ ከመልእክት ወደ መዝሙር፣ ከመዝሙር ወደ ትንቢት እየከበዱ ይሄዳሉ። ኤርምያስ 29 የሚመጣው ወደ መጨረሻው ነው።

ይህ አካሄድ በጥናት የተደገፈ ነው። ጆን ስዌለር እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ ባቀረባቸው ሥራዎች የሰው አእምሮ በአንድ ጊዜ ሊያስተናግደው የሚችለው አዲስ ነገር ጥቂት መሆኑን፣ ጀማሪም በራሱ ከመታገል ይልቅ የተሠራ ምሳሌን በመከተል ይበልጥ እንደሚማር አመልክቷል። አዲስ መርሕ፣ አዲስ የግሪክ ቃልና ከባድ ምንባብ በአንድ ሰዓት ውስጥ ስናቀርብ ተማሪው የሚይዘው አንዱንም አይሆንም።

ከቅኔ ቤት የምንማረው

ይህን ሁሉ ከውጭ የመጣ አድርገን እንዳናየው፣ በአገራችን የቆየውን የአብነት ትምህርት እናስታውስ። በቅኔ ቤት ተማሪው የሚመዘነው ስለ ቅኔ በሰጠው ማብራሪያ አይደለም። መምህሩ ቅኔ ይዘርፋል፤ ተማሪው ይሰማል። ከዚያ ገለል ብሎ የራሱን ይቆጥራል፤ ለመምህሩም ይነግራል፤ መምህሩ ያርመዋል። ሥራው የሚጀምረው ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ነው፤ ደረጃ በደረጃ እያደገም ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይደርሳል። የግዕዙ ሰዋስውም ከዚሁ ልምምድ ጋር አብሮ ይሄዳል።

በአስተምህሮ የምንለያይባቸው ጉዳዮች ቢኖሩም፣ ከዚህ ሥርዓት የምንማረው ብዙ ነው። በዚያ ውጤቱ፣ ምዘናውና ልምምዱ አንድ ናቸው፤ ቅኔ የሚያውቅ የሚባለው ቅኔ የሚቀኝ ነው። የእኛ የስብከትና የአተረጓጎም ኮርሶች በዚህ ሚዛን ቢመዘኑ ስንቶቹ ያልፋሉ?

ክፍልና አጥቢያ

በወንጌላውያን የነገረ መለኮት ትምህርት ውስጥም ተመሳሳይ ጥያቄ ቀደም ብሎ ተነሥቷል። እ.ኤ.አ. በ1963 አካባቢ በጓቴማላ የሚገኝ አንድ የፕሬስቢቴሪያን ሴሚናሪ፣ ጉባኤዎችን በተግባር የሚመሩት ሰዎች ቤታቸውንና እርሻቸውን ትተው ሊመጡ አለመቻላቸውን ተመልክቶ ትምህርቱን ወደ እነርሱ ወሰደ። የርቀት የነገረ መለኮት ትምህርት እንቅስቃሴ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ብዙ አገሮች ተስፋፋ። በ1972 ቴድ ዋርድና ሳሙኤል ሮዌን ይህን ትምህርት በአጥር መሰሉት። አንዱ አግዳሚ እንጨት ዕውቀት ነው፤ ሌላው የአገልግሎት ልምድ ነው፤ ሁለቱን የሚያያይዙት ቋሚዎች ተማሪዎችና መምህር ተገናኝተው የሚወያዩባቸው ጊዜያት ናቸው።

በማታና በክረምት መርሐ ግብር የሚማሩ መጋቢዎቻችን ሁለቱም አግዳሚዎች አሏቸው። ቀን ያገለግላሉ፤ ማታ ይማራሉ። የሚጎድሉት ብዙ ጊዜ ቋሚዎቹ ናቸው። «በዚህ ሳምንት በአጥቢያህ ምን አስተማርህ? የት ተቸገርህ?» የሚል የግማሽ ሰዓት ውይይት በየሳምንቱ ብናስገባ ያለ ተጨማሪ በጀት ብዙ ይለወጣል።

ዋጋው

ይህን ማድረግ ዋጋ አለው። በ48 ሰዓት ውስጥ ልምምድ ሲገባ ይዘት ይወጣል። ስለ እስክንድርያና ስለ አንጾኪያ የአተረጓጎም ትውፊቶች አራት ሳምንት አስተምር ነበር፤ አሁን አንድ ሳምንትና የቤት ንባብ ብቻ ሆኗል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ የቤተ ክርስቲያንን ታሪክ የማያውቅ ሰባኪ በራሱ ዘመን ብቻ እንደሚታሰር በመግለጽ ተቃውሞኛል። ተቃውሞው ክብደት አለው። ስለዚህ ጉዳዩን በታሪክ ኮርሱ ውስጥ እንዲካተት ተነጋገርን፤ ሆኖም የጠፋ ነገር የለም ማለት አልችልም።

እርማቱም ከባድ ነው። 45 ተማሪ ባለበት ክፍል ሦስት አጫጭር ጥናቶች ማለት 135 ወረቀት ነው። በመጀመሪያው ሴሚስተር መጨረስ አቅቶኝ ተማሪዎቹ አስተያየቴን ያገኙት ዘግይቶ ሲሆን፣ ጥቅሙም ያን ያህል ቀንሷል። አሁን የመጀመሪያውን ጥናት ተማሪዎች በመስፈርቱ ገጽ እርስ በርስ ይተራረማሉ፤ እኔ ሁለቱን አርማለሁ። ውጤትም በመጀመሪያ ዝቅ ብሎ ቅሬታ ቀርቦ ነበር። ቋንቋም ሌላ ጉዳይ ነው። በእንግሊዝኛ ተምረው በወላይትኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በሲዳምኛ የሚሰብኩ ተማሪዎች አሉን። የስብከቱን አስተዋጽኦ በሚሰብኩበት ቋንቋ እንዲያዘጋጁና ቋንቋውን የሚያውቅ አገልጋይ በአራሚነት እንዲያግዘን ስንፈቅድ፣ በእንግሊዝኛ ዝምተኛ የነበሩት ሐሳባቸው የጠራ ሆኖ አግኝተናቸዋል።

መደምደሚያ

የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት የሚያፈራው ሰው የሚፈተነው በመጨረሻው ፈተና ቀን አይደለም። የሚፈተነው ልጇን የቀበረች እናት ባለችበት ጉባኤ ፊት ቃሉን ሲከፍት ነው። በዚያ ቦታ የተሸመደደ ዝርዝር አይረዳውም፤ የለመደው እጅ ግን ይሠራል።

ለመምህራን አንድ ቀላል ጅማሬ ልጠቁም። ቀጣዩ ሴሚስተር ሳይጀመር የአንድ ኮርሳችሁን መግለጫና ያለፈውን የመጨረሻ ፈተና ጎን ለጎን አስቀምጡ። በመግለጫው ያለውን እያንዳንዱን ግስ አስምሩበት፤ ያ ግስ በፈተናው ውስጥ ካለ ምልክት አድርጉበት። ምልክት ያላገኘው ሁሉ ቃል ገብታችሁ ያልጠየቃችሁት ነው። ከእነዚህ አንዱን መርጣችሁ ምዘናውን ለውጡ፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አትጀምሩ።

መጋቢዎችም በዚህ ሥራ ድርሻ አላችሁ። ለልምምድ ወደ እናንተ የሚላኩትን ተማሪዎች በመድረክ ላይ አቁማችሁ ብቻ አትሸኟቸው፤ ከስብከቱ በኋላ አስቀምጣችሁ የተሳካውንና ያልተሳካውን ንገሯቸው። ለጥምቀት የምታዘጋጇቸውን ሰዎችም ስታስቡ በዚሁ ጥያቄ ጀምሩ፦ ትምህርቱን ሲጨርሱ ምን ሊያደርጉ ይችላሉ? ለጎረቤታቸው ስለ እምነታቸው በአምስት ደቂቃ መመስከር ከሆነ፣ ከመጠመቃቸው በፊት ሁለት ሁለት ሆነው ይሞክሩት፤ እናንተም አጠገባቸው ተቀምጣችሁ ስሟቸው።