የአንድ ጂን ሐር

የሐር ትል ከእንቁላል ሲወጣ ከጉንዳን አይበልጥም። የእንጆሪ ቅጠል እየበላ አራት ጊዜ ቆዳውን ይለውጣል፤ በአምስተኛው ዕድሜው ማብቂያ ክብደቱ 10,000 እጥፍ ገደማ አድጓል። ከዚያ መብላቱን ትቶ፣ ከአንድ ኪሎ ሜትር ሊበልጥ የሚችል ያልተቆረጠ ክር እየተፋ ራሱን ኮኩን ውስጥ ይጠቀልላል። ይህን ሁሉ ሐር የሚያመርቱት በሆዱ ግራና ቀኝ የተጣጠፉ ሁለት ዕጢዎች ናቸው። በአመጣጣቸው የምራቅ ዕጢ ናቸው ቢባል ማን ያምናል?

የዕጢው የኋላ ክፍል ፋይብሮይን የተባለውን፣ ክሩ ራሱ የሚሠራበትን ፕሮቲን ያመርታል። መካከለኛው ክፍል ደግሞ ክሩን የሚለብጠውን ሙጫ፣ ሴሪሲንን ይጨምርበታል። የሁለቱም ክፍሎች ሕዋሳት የያዙት ዲኤንኤ አንድ ዓይነት ነው፤ የሚለያቸው የትኛው ጂን እንደሚሠራና የትኛው ዝም እንደሚል ነው።

አንድ ዕጢ ይህን ያህል ፕሮቲን ለማምረት ምን ቢያደርግ ነው? በ1960ዎቹ መጨረሻ ጥሩ የሚመስል ግምት ነበር። አሜሪካዊው ዶናልድ ብራውንና ሌሎች ተመራማሪዎች፣ የእንቁራሪት እንቁላል በብዛት የሚፈልጋቸውን የራይቦዞም ጂኖች ብቻ ለይቶ እንደሚያባዛ ደርሰውበታል። የሐር ትልም የፋይብሮይንን ጂን እንዲሁ ያባዛ ይሆን? ብራውን ከጃፓናዊው ዮሺያኪ ሱዙኪና ከባልደረቦቻቸው ጋር በባልቲሞሩ የካርኔጊ ቤተ ሙከራ ጉዳዩን መረመረ። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው ውጤት ግምቱን አፈረሰው፦ በአንድ ሙሉ ጂኖም ውስጥ ያለው ዋናው የፋይብሮይን ጂን አንድ ብቻ ነው፤ ተለይቶም አይባዛም።

ምስጢሩ ያለው በግልባጩ ላይ ነው። ጂኑ እንደ ገዳም ብራና ከዕቃ ቤቱ አይወጣም፤ የሚወጣው ግልባጩ፣ መልእክተኛ አርኤንኤ ነው። በስሌታቸው መሠረት አንድ ጂን በጥቂት ቀናት ውስጥ 10,000 ያህል ግልባጭ ያወጣል፤ ግልባጩ ቶሎ ስለማይፈርስ ከእያንዳንዱ 100,000 ያህል ፕሮቲን ይሠራል። ሲባዛ አንድ ቢሊዮን ነው!

በዚህ ላይ የዕጢው ሕዋሳት ትሉ ገና እንቁላል ውስጥ ሳለ መከፋፈል ያቆማሉ። ቁጥራቸው ሳይጨምር፣ የሚፈለገውንም የማይፈለገውንም ዲኤንኤ በሙሉ ደጋግመው እያባዙ በመቶ ሺህዎች እጥፍ ያደርሱታል። አባካኝ ዘዴ ይመስላል፤ ትሉን ግን አላከሰረውም። ፋይብሮይን በአብዛኛው ከግላይሲን፣ ከአላኒንና ከሴሪን ስለሚገነባ፣ ሕዋሳቱ እነዚህን ሦስት አሚኖ አሲዶች የሚያቀርቡ አርኤንኤዎችንም ያበዛሉ።

ምርቱ ግን ያለማቋረጥ አይሄድም። ትሉ ሲበላ ጂኑ ይሠራል፤ ቆዳ ሲለውጥ ይዘጋል። ማብሪያና ማጥፊያዎቹ ሌሎች ፕሮቲኖች ናቸው። ከነሱ አንዱ አንቴናፔዲያ ነው፦ በፍራፍሬ ዝንብ ላይ ሲዛባ በአንቴና ቦታ እግር የሚያበቅለው ይኸው ጂን፣ በሐር ትል መካከለኛ ዕጢ ውስጥ የሴሪሲንን ጂን ያስነሳል። አሮውሄድ የተባለው ደግሞ የሚሠራው በኋላው ክፍል ነው። ተመራማሪዎች ያለ ቦታው በመካከለኛው ክፍል እንዲሠራ ሲያደርጉት፣ እዚያ ዝም ብለው የኖሩት የፋይብሮይን ጂኖች ተነሱ።

ጂኑ መሥራቱ ብቻውንም አይበቃም። ዋናው ጂን የሚያስገኘው የፋይብሮይን ከባድ ሰንሰለት ከሕዋሱ የሚወጣው ቀላል ሰንሰለት ከተባለ ትንሽ ፕሮቲን ጋር ሲጣመር ነው። የቀላሉ ሰንሰለት ጂን የተበላሸባቸው ትሎች ፋይብሮይኑን ቢሠሩም ከሕዋሳቸው ማስወጣት ስለሚያቅታቸው፣ ኮኩናቸው ከሙጫ የተሠራ ስስ ሽፋን ሆኖ ይቀራል። በአገራችን የጉሎ ቅጠል እየተመገበ የሚረባው የኤሪ ሐር ትል ግን ቀላል ሰንሰለት ጭራሽ የለውም፤ ከባዶቹ ሰንሰለቶች ሁለት ሁለት እየሆኑ እርስ በርስ ተያይዘው ይወጣሉ።