ደረቷ ተከፍቶ ለታከመች ሴት በቤት ስለሚደረግ እንክብካቤ

የልብ ሕመም በአገራችን ብዙ ወጣት ሴቶችን የሚያገኝ ደዌ ነው። በልጅነት በጉሮሮ ቁስል የሚጀምረው ሕመም ሳይታከም ሲቀር፥ ውሎ አድሮ ቫልቭ የሚባሉትን የልብ መዝጊያዎች ያበላሻል። ቀድሞ ለዚህ ሕክምና ብዙዎች ወደ ውጭ አገር ይላኩ ነበር፤ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከል በ2001 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ግን በአገር ውስጥም ይሰጣል።

ሐኪሙ የደረትን የመካከል ዐጥንት ከላይ እስከ ታች ከፍሎ ሥራውን ከፈጸመ በኋላ በብረት ሽቦ ያስረዋል። ቆዳው በጥቂት ሳምንት ይገጥማል፤ ዐጥንቱ ግን ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይፈልጋል። ችግሩም ከዚህ ላይ ነው። በሽተኛዪቱ ቀና ብላ ስትሄድ ቤተ ሰቡ ድናለች ብሎ ወደ ማድቤት ይመልሳታል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ለእርስዋ ግን በእነዚህ ሳምንታት አብዛኛውን ጊዜ የሚፈቀደው ከ4 ወይም ከ5 ኪሎ አይበልጥም። ስለዚህ ውሃ መቅዳቱና ሊጥ ማቡካቱ የባልና የልጆች ሥራ ይሁን። ባል ውሃ መቅዳቱን እንደ ነውር የሚቈጥር ቢኖር፥ እኛ ነውሩ አልታየንም። ሕፃን ካላትም በአንቀልባ አትዘለው፤ ተቀምጣ ሳለች ሌላ ሰው አንሥቶ ከጭንዋ ትራስ ላይ ያኑርላት።

ሴቶች ለሐኪም ለመናገር የሚያፍሩት ነገርም አለ። የጡት ክብደት ቁስሉን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይስበዋል፤ ጡቷ ትልቅ የሆነ ወይም የምታጠባ ሴት ሕመሟ የሚበረታው ስለዚህ ነው። ከፊት የሚቈለፍ፥ ሽቦ የሌለው፥ ለስላሳ የጥጥ ጡት መያዣ ሐኪሙ ከፈቀደበት ቀን ጀምሮ ቀንም ሌሊትም ብታደርግ ትልቅ ዕረፍት ታገኛለች። ከኋላ የሚቈለፈው ክንድን ስለሚያጣምም አይመችም። ጠርዙ ቁስሉን የሚነካ ከሆነ ንጹሕ ስስ ጨርቅ በመካከሉ ይግባ፤ ከጡት ሥር ያለውም ቆዳ በላብ እንዳይርስ በየጊዜው ይደረቅ። የማተቧ መስቀልም ቁስሉን እንዳይፈትገው ክሩን ማሳጠር ይበቃል።

ሳል ሲመጣባት ትንሽ ትራስ ወይም የታጠፈ ጋቢ በደረቷ አቅፋ ትሳል እንጂ ሳሉን አትያዘው፤ አክታው በሳንባ ሲቀር ሌላ ደዌ ያመጣልና። ከአልጋም ስትነሣ በእጅዋ አትመርኰዝ። ስግደትም በእጅ መመርኰዝን ስለሚጠይቅ ዐጥንቱ እስኪገጥም ይቆይላት። ጠያቂዎችም በትከሻ መሳለሙን ትተው ከሩቅ እጅ ቢነሡ አይቀየሙም።

ስለ ጾም አበ ነፍሷን ታማክር፤ የታመመ ሰው እንደማይገደድ የታወቀ ነው። ነገር ግን ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። የብረት ቫልቭ የገባላት ሴት ደሟ እንዳይረጋ ዋርፋሪን የሚባል ኪኒን ዕድሜዋን ሙሉ ትወስዳለች። ጎመን የዚህን መድኃኒት ኃይል ይቀንሳል፤ በፍስክ ጎመን የማትቀምስ ሴት በጾም ወራት ዘወትር ብትበላው ኪኒኑ ይደክምባታል። ጎመንን መተው አያስፈልጋትም፤ መጠኑን ሳትለዋውጥ መብላትና ጾም ሲገባ ለሐኪሟ አስቀድማ መንገር ነው። መውለድ የምታስብም ከመፀነሷ በፊት ትናገር፤ መድኃኒቱ ፅንስን ሊጎዳ ይችላልና።

ከቁስሉ መግል ቢወጣ፥ ትኩሳት ቢነሣባት፥ ወይም ስትንቀሳቀስ የደረቷ ዐጥንት ሲንቋቋ ቢሰማት፥ ቀጠሮዋን ሳትጠብቅ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ቤት ትወሰድ።