መድኃኒት የለመደ ጀርም በወንዝ ውስጥ

  የዛሬው ትምህርታችን ስለ ውሃና ስለ መድኃኒት ነው። «ሁለቱን ምን አገናኛቸው?» ትሉ ይሆናል። ቆዩ፣ እንደርስበታለን።

በመጀመሪያ ሦስት ቃላት እናንብብ። ጀርም። መድኃኒት። መላመድ።

ጀርም በዓይን የማይታይ በጣም ትንሽ ነገር ነው። ባክቴሪያ የሚባለው አንዱ ዓይነት ነው። ብዙው ባክቴሪያ አይጎዳንም። አንዳንዱ ግን ታይፎይድና ኮሌራ ያመጣል። ባክቴሪያን የሚገድለው መድኃኒት አንቲባዮቲክ ይባላል። አሞክሳሲሊንና ቴትራሳይክሊን ከነዚህ ውስጥ ናቸው። ፔኒሲሊን የተባለውን አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1928 አገኘው። መድኃኒቱ ሲያንስ ጀርሙ እንደሚለምደው በ1945 ያስጠነቀቀውም እሱ ራሱ ነበር።

እኔም አንድ ጊዜ ታምሜ የሰባት ቀን እንክብል ታዘዘልኝ። በሦስተኛው ቀን ተሻለኝና ተውኩት። የተረፈውን በስኳር ጣሳ አስቀመጥኩ። ኋላም ጎረቤቴ ስታስል ሰጠኋት። ደግ የሠራሁ መስሎኝ! ሳል ግን ብዙ ጊዜ የሚመጣው ቫይረስ ከሚባል ሌላ ጀርም ነው። አንቲባዮቲክ ቫይረስን አይነካውም።

መላመድ ስንል በሬ ቀንበር እንደሚለምደው አይደለም። ነገሩ እንዲህ ነው። በሰውነታችን ውስጥ ካለው ብዙ ባክቴሪያ ደካማው በመድኃኒቱ ይሞታል። ጥቂቱ ጠንካራ ይተርፋል። ቦታው ሲለቀቅለት ይራባል። የሚራቡትም እንደሱ መድኃኒት የማይገድላቸው ይሆናሉ። የባሰው ደግሞ፣ ይህን መከላከያ ለሌላ ዓይነት ባክቴሪያ ያካፍላል። እርሾ እንደሚዋዋሱ ጎረቤቶች ነው፤ ሰጪው አያጣም፣ ተቀባዩም ያገኛል።

እርሾ መዋዋሻው እንግዲህ ወንዝ ነው። ከሽንት ቤት፣ ከሆስፒታልና ከከብት በረት የሚወጣው ፍሳሽ እዚያ ይገናኛል። የዋጥነው መድኃኒት ከፊሉም በሽንትና በዓይነ ምድር ይወጣል። አዲስ አበባን የሚያቋርጠውን የአቃቂን ወንዝ ተመልከቱ። የቤትና የፋብሪካ ፍሳሽ ይገባበታል። በዳሩ ደግሞ ጎመንና ሰላጣ ይለማል። ወንዙም ወርዶ አዋሽ ይገባል።

ይህ የእኛ ችግር ብቻ አይደለም። በ2010 በህንድ አገር በኒው ዴልሂ 50 የቧንቧ ውሃ ናሙና ተመርምሮ፣ በሁለቱ ውስጥ ብርቱ መድኃኒቶችን የሚያከሽፈው መከላከያ ተገኘ። የቧንቧ ውሃ ነው ያልኳችሁ! በ2016 ደግሞ በፓኪስታን በሐይደራባድ ከተማ አብዛኛው መድኃኒት የማይገድለው ታይፎይድ ተነሣ። ለሐኪሞቹ የቀሯቸው መድኃኒቶች ጥቂት ነበሩ።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ውሃ ጠርቶ ታየ ማለት ከጀርም ነጻ ነው ማለት አይደለም። ግን ደስ የሚል ነገር አለ፤ መድኃኒት የለመደው ጀርም እሳት አልለመደም። ውሃው ከተንፈቀፈቀ በኋላ አንድ ደቂቃ ይቆይ። ደጋ ላይ፣ ማለት ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆናችሁ፣ ሦስት ደቂቃ ይሁን። ደጋ ላይ ውሃ ቶሎ ስለሚፈላ ሙቀቱ ያንሳል። ከዚያ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡት። ሰላጣም ያለ ንጹሕ ውሃ አይታጠብ።

እንክብሉን ሐኪም ባዘዘው ልክ፣ ባዘዘው ቀን ዋጡ። የተረፈ ካለ ወደ ሽንት ቤት ወይም ወደ ወንዝ አትጣሉት። ወደ ጤና ጣቢያ ወይም መድኃኒት ቤት ወስዳችሁ ምን እንደሚደረግበት ጠይቁ። የኔ ጣሳ ታጥቦ ዛሬ ስኳር ተቀምጦበታል።