ስለ ወይን አገር ከተማ ኑሮና ስለ አሶሳ ምድር የማሽላ ጠላ

የወይን አገር ከተማ ሲባል በሰው አሳብ ቶሎ የሚመጣው በኮረብታ ላይ የተዘረጋ የወይን ተክል፤ በድንጋይ የታነጸ ቤት፤ ከቤቱም በታች ለወይን ጠጅ ማስቀመጫ የተቆፈረ ጓዳ ነው። ሰዎች እንዲህ ባለ ከተማ መኖርን የሚወዱበት ምክንያት ግን የመጠጡ ጣዕም ብቻ አይደለም። ወይን ከተተከለ በኋላ ደኅና ፍሬ ለመስጠት ሦስት ዓመት ያህል ይፈልጋል፤ ከዚያ ወዲያ ግን በመልካም ከተያዘ ለብዙ አሥር ዓመታት ያፈራል። የተጠመቀውም በጓዳ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ አባት የተከለውን ልጅ ይለቅማል፤ የአንድ ትውልድ ድካምም በመሬትና በጓዳ ተከማችቶ ለሚቀጥለው ይተላለፋል። በፈረንሳይ አገር ያለችው የቦን ከተማ ለዚህ ጥሩ ምስክር ናት። እ.ኤ.አ. በ1443 የተመሠረተው የድኾች ሆስፒታሏ በስጦታና በኑዛዜ ብዙ የወይን ቦታ አግኝቷል፤ ከ1859 ጀምሮም የዚህኑ ቦታ ወይን ጠጅ በጨረታ በመሸጥ ይታወቃል።

በአገራችንም ቢሆን ወይን እንግዳ ነገር አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ለቅዳሴ የሚሆነውን ከዘቢብ ታዘጋጃለች፤ የጉደርም ስም በወይን ጠጅ ጠርሙስ ላይ ታትሞ ይታወቃል። በዝዋይ፤ በዛሬው ስሟ በባቱ፤ ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ካስተከለው ወይን የተጠመቀው መጠጥ እ.ኤ.አ. በ2014 ለገበያ በቅቷል። አሶሳ ከባሕር ወለል በላይ ያላት ከፍታ ከባቱ ብዙ አይለይም፤ ሁለቱም በ1500ና በ1700 ሜትር መካከል ይገኛሉ። ልዩነቱ በዝናቡ ነው። ባቱ ደረቅ ስለሆነች ወይኗ በመስኖ ያድጋል፤ በአሶሳ ግን ክረምቱ ረጅም ሲሆን የዓመቱ ዝናብ ከ1000 ሚሊ ሜትር ያልፋል፤ እንዲህ ያለው እርጥበት ደግሞ በወይን ላይ ሻጋታ ያበዛል። የዚህ ምድር ዋና እህል ማሽላ ነው፤ የቆየውም መጠጡ ከማሽላ የሚጠመቅ ጠላ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ የሚከማች መጠጥና ለልጅ የሚተላለፍ ተክል በሌለበት አገር መጠጥ ሰውን ከሰው ጋራ የሚያኖረው በምን ዓይነት ነው?

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ በርታ፤ ጉሙዝ፤ ሺናሻ፤ ማኦና ኮሞ የሚባሉት ነባር ሕዝቦች ይኖራሉ። ከእነርሱም ብዙዎቹ በቀድሞው ልማድ መሬቱን በመቆፈሪያ አርሰው ጥቂት ዓመት ከዘሩበት በኋላ ጦም እያሳደሩ ወደ ሌላ ማሳ ይዛወሩ ነበር። የጠላው ሥራ የሴቶች ነው። ማሽላው ይበቅላል፤ ብቅሉ ደርቆ ይፈጫል፤ ከበሰለ ሊጥ ጋራም ተዋሕዶ ይብላላል። ከደረሰ በኋላ የሚቆየው ጥቂት ቀን ብቻ ስለሆነ፤ ብቻውን ሊጠጣው ወይም ሊያከማቸው የሚያስብ ሰው ትርፍ የለውም። ጎረቤት መጠራት አለበት። ለአረም፤ ለአጨዳ ወይም ለቤት ሥራ ደቦ የሚጠራ ሰው አስቀድሞ ጠላውን ያስጠምቃል፤ ሥራው ሲፈጸም ሠራተኛው ሁሉ በእንስራው ዙሪያ ተቀምጦ ይጠጣል፤ በጉሙዝ ዘንድም ብዙ ሰው በረጃጅም መቃ ከአንድ እንስራ ይስባል። ዛሬ የጠጣ ነገ ሲጠራ የመምጣት ግዴታ አለበት። በወይን አገር በጓዳ የሚቀመጠው ሀብት በዚህ አገር የሚቀመጠው በጎረቤት ውለታ ነው ማለት ይቻላል።

ይህ ልማድ ከታሪክ ተለይቶ አይታይም። እ.ኤ.አ. በ1821 የግብፅ ጦር ወደ ሱዳን ከዘለቀ ወዲህ ወርቅና ባሪያ ፈላጊዎች ይህን ጠረፍ ደጋግመው ወርረውታል። በ1890 ዓ.ም. ራስ መኰንን ካስገበሩት በኋላም፤ በሼኽ ኾጀሌ አል ሐሰን ዘመን፤ የወርቅ ግብርና የባሪያ ንግድ አልቀረም። ብዙ የበርታ መንደሮች በዓለታማ ኮረብታ ላይ የተሠሩት ለመከላከል ነው። ነገ ሸሽቶ ሊሄድ የሚችል ሰው ዘግይቶ የሚያፈራ ተክል አይተክልም፤ ጎረቤቱን ግን ይዞ ሊሸሽ ይችላል። ስለዚህ የዚህን አገር ሰው ጥንታዊ ከተማና ግንብ የለውም ብሎ መናቅ፤ መንደሩ የቆመበትን ማሰሪያ አለማየት ይሆናል።

ይህ ማሰሪያ ግን በብዙ ወገን ላልቷል። በበርታ ዘንድ እስልምና እየጠለቀ ሲሄድ በብዙ ቤት የጠላው ቦታ ለቡና ተለቋል። በ1977ና በ1978 ዓ.ም. በተለይ ከወሎ የመጡ ብዙ ሰፋሪዎች የራሳቸውን የእርሻና የደቦ ልማድ ይዘው በአሶሳ ዙሪያና በመተከል ሰፈሩ። በከተማ ጠላ የሚሸጥ ነገር ሆኗል፤ በገንዘብ የተገዛ መጠጥ ደግሞ የነገ ግዴታ አይተውም። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በካማሺና በመተከል የደረሰው ግጭት ብዙ ሰው ሲያፈናቅል፤ የጠፋው ቤትና እህል ብቻ ሳይሆን የተቀመጠው ውለታም ነው፤ ይህን ግን የጉዳት መዝገብ አይቈጥረውም።

በሌላ ወገን ደግሞ አሶሳ ዛሬ በማንጎዋ ትታወቃለች። ማንጎ እንደ ወይን ዓመታትን ጠብቆ የሚያፈራ፤ ከተካዩም ዕድሜ ሊያልፍ የሚችል ዛፍ ነው። በየግቢው መተከሉ ሰው በቦታው እኖራለሁ ብሎ ተስፋ ማድረጉን ያሳያል። ነገር ግን ዛፍ ርስትን ለልጅ ያስተላልፋል እንጂ ጎረቤትን ለደቦ አይጠራም፤ አንዱ የሌላውን ሥራ አይተካም።

ስለዚህ ወደዚህ አገር ለጥናት የሚሄዱ ተማሪዎች የጠላውን አጠማመቅ ብቻ ጽፈው እንዳይመለሱ ያስፈልጋል። ደቦውን ማን እንደ ጠራ፤ ማን እንደ መጣ፤ ማን እንደ ቀረ፤ የቀረውስ ውለታውን በምን እንደ ከፈለ ቢመዘግቡ፤ የቤኒሻንጉል መንደር ያለ ግንብ እንዴት እንደ ቆመ ለማወቅ ይቻላል። የሚያስታውሱት ሽማግሌዎችና ባልቴቶች በሕይወት ሳሉ ይህ ሥራ ሊፈጸም ይገባዋል።